«ገዳዩ ማነው?» ከጨርጨር ጋራ ሥር

አሰበ ተፈሪ ሲባል ለመንገደኛው ትዝ የሚለው ጫት ነው፤ ቢበዛ ደግሞ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሲያልፍ ምሳ የበላባት ከተማ መሆኗ ነው። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን ይህችን ከተማ በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የጨርጨር መዲና አድርገው ያቋቋሟት ሰው ግን የቴአትር ደራሲ ነበሩ። ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአማርኛ የመጀመሪያው ነው የሚባለውን ተውኔት፣ «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት ወደ ጨርጨር ከመሾማቸው በፊት ነው። አውሬዎችን እያናገሩ የሹማምንቱን አሠራር ስለ ነቀፉበት ቤተ መንግሥቱ አልወደደላቸውም፤ ታገደ። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው ከዚያ በኋላ ጨርጨርን የአስተዳደር ማሳያ ለማድረግ ደከሙ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ የከተማችን ሰው ከጫቱና ከቡናው ሌላ ታሪክ መስማትም ከጥንስሱ አለበት ብዬ ብኩራራ አይፈረድብኝም።

እኔ ሥራዬ ጽሑፍ ጽፎ መሸጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ ወደ እናቴ ቤት እመጣለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ጭሮ ላይ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጋራው ይወርዳል፤ ከባድ መኪናዎቹ መብራታቸውን አብርተው ወደ ሂርና ያዘግማሉ፤ ጎረቤቱ በርጫው ላይ ይቀመጣል፤ ከተማው ጭር ይላል። እኔ ደግሞ ቃሚ አይደለሁም። (ይህን ጭሮ ላይ ሆኖ መናገር አንዳንዴ ያሳፍራል።) ያ ረጅም ሰዓት የሚያልፍልኝ በሁለት ነገር ነው፤ በአሮጌ ፊልምና በወንጀል ልቦለድ። ታዲያ ከፊልሙም ከመጽሐፉም መካከል አንድ ነገር ይከነክነኛል። «ገዳዩ ማነው?» የሚባለው ጨዋታ እኛ ዘንድ እንዴት ገባ? ከገባስ በኋላ ከራሳችን የምርመራ ባህል ጋር እንዴት ተገናኘ?

ጨዋታው መቼም የፈረንጅ ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ጀመረው። አርተር ኮናን ዶይል ከ1887 ወዲህ በሼርሎክ ሆምስ አማካይነት ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። በ1920 የመጀመሪያ መጽሐፏን ያወጣችው አጋታ ክሪስቲ ደግሞ ሰዎችን አንድ ቤት ውስጥ ዘግታ፣ ከመካከላቸው አንዱን ገድላ፣ የቀሩትን እርስ በርስ እያጠራጠረች ማቆየትን እንደ ጥበብ ያዘችው። ሕጉ ቀላል ነው። ከውጭ የመጣ ብልህ ሰው ይጠይቃል፣ ያያል፣ ያስባል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ሁሉንም ሰብስቦ ገዳዩን ይጠቁማል። አንባቢው መጽሐፉን ከድኖ ይተኛል።

በአማርኛ የወንጀል ልቦለድን ካስለመዱን ጸሐፊዎች መካከል ይልማ ሀብተየስ ይጠቀሳሉ። የስለላውን ዓለም ደግሞ ማሞ ውድነህ በትርጉም አመጡልን፤ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ»ን የመሰሉ መጻሕፍታቸው ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል። «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። «ሰላይ» ቢሉት ሩቅ አገር ያለ ሰው ይመስላል፤ «ጆሮ ጠቢ» ሲሉት ግን ጎረቤት ነው፤ ምናልባትም አሁን አብሮን ቡና እየጠጣ ነው።

የደርግ ዘመን ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የተመቸ ነበር ብል እንዳይከፋችሁ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዳዲስ አንባቢዎችን አወጣ። ሰዓት እላፊው ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ያስገባው ነበር፤ ቤቱ የገባ ሰው ደግሞ ወይ ያነባል፣ ወይ ሬዲዮ ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው አገሩ ጸጥ ይል እንደነበር ትልልቆቹ ዛሬም ያወሩታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሳንሱር አለ። ስለ አገር ቤት ጭቅጭቅ መጻፍ ለሚፈራ ሰው ካይሮ ያለው ሰላይና ለንደን ያለው ሬሳ የማያስጠይቁ ነገሮች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1974 ዓ.ም. ወደ ወንጀሉ ነገር መለስ ብለው ልቦለዳቸውን «ወንጀለኛው ዳኛ» አሉት። ርዕሱ ብቻውን የፈረንጁን ሕግ ይገለብጠዋል፤ ዳኛው ራሱ ወንጀለኛ ከሆነ መርማሪው ሁሉን ሰብስቦ ጣቱን ቢቀስር ለማን ይነግራል?

እኔ በዕድሜዬ የደረስሁት በኪራዩ ዘመን ማብቂያ ነው። በ1990ዎቹ ገበያው ዳር መጻሕፍቱን ጣውላ ላይ ደርድሮ በቀን ሒሳብ የሚያከራይ ልጅ ነበር። መጻሕፍቱ በጋዜጣ ተለብጠው፣ በመርፌ ተሰፍተው፣ ጠርዛቸው በቡና ጠቁሮ ይመጣሉ። ከሁሉ ቶሎ የሚቀደደው የወንጀል ልቦለድ ነበር፤ ከልቦለዱም የመጨረሻው ገጽ። አንድ መጽሐፍ ሦስት ቀን ተከራይቼ ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ገጹ የለም። ልጁን ብጠይቀው፣ «አቦ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ከአንተ በፊት የወሰደውን ጠይቀው» አለኝ። ጠየቅሁት። እሱም ከሱ በፊት ወደ ነበረው ላከኝ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ አራት ቤት ዞሬ የሰማሁት አራት የተለያየ ገዳይ ነው።

ፊልሙ የመጣው በሌላ በር ነው። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የሲኒማ አዳራሽ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?»። ለኛ ለጨርጨር ልጆች ግን ሲኒማ ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ በር ላይ ደግሞ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሕንድ ፊልም ከአሜሪካኑ እኩል፣ አንዳንዴም በልጦ ይወደዳል። ቋንቋውን ባናውቀውም ዘፈኑን እናውቀዋለን፤ ያልገባንን ከኋላ የተቀመጠው ትልቅ ልጅ ከራሱ እየጨመረ ይተረጉምልናል።

ዘንድሮ በፍላሽ ካገኘኋቸው አሮጌ ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራው «ጉምናም» ነው። ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ አውሮፕላኑ ሰው በሌለበት ስፍራ ጥሏቸው ይነሣል፤ አንድ ትልቅ ቤት ያገኛሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ግማሽ ሰዓት እንዳየሁ ታሪኩን አወቅሁት። የአጋታ ክሪስቲ የ1939 መጽሐፍ ነው፤ ቦምቤይ ላይ ዘፈንና ጭፈራ ለብሶ መጣ እንጂ። ከሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው «ቢስ ሳል ባድ» ደግሞ በኮናን ዶይል የባስከርቪሎች ውሻ ላይ የቆመ ነው። አጋታ ክሪስቲን በስሟ የማያውቅ የቪዲዮ ቤት ተመልካች ተንኮሏን በሕንድኛ ሳያውቀው ሊጠግበው ይችል ነበር ማለት ነው።

እናቴ ጎን ተቀምጣ ጥቂት አየችና፣ «እነዚህ ሰዎች አፈርሳታ ተቀምጠዋል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እናቴ የተናገረችው ቁም ነገር ነው።

የድሮውን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የማያውቅ ወጣት አንባቢ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲገደል፣ ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ አድራጊው ካልታወቀ ያካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ፣ ወደ እርሻ መመለስ የለም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ሰዉን እያስማሉ ይጠይቃሉ። የሚያውቅ ሰው ቂም እንዳይያዝበት በምስጢር ይነግራቸዋል፤ ነጋሪው በስሙ አይጠራም፣ «ወፍ» ይባላል። ዛሬም «ወፍ ነገረችኝ» ስንል ያንኑ ነው የምንደግመው። ወፏ ዝም ካለችና አድራጊው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል።

የተዘጋ ክበብ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ማንም አይወጣም፤ ከአጋታ ክሪስቲ ቤት ምን ለየው? የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በፈረንጁ ልቦለድ መልሱን የሚያውቅ የለም፤ ብልሁ መርማሪ አስቦ ያገኘዋል። አፈርሳታ ግን ከሌላ እምነት ይነሣል፤ ከመካከላችን የሚያውቅ ሰው አለ፤ ችግሩ መናገሩ ላይ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጠቢብ አይደለም፤ ወፏ ሳትሞት የምትናገርበት መንገድ ነው። በኔ ግምት አንባቢያችን የወንጀል ልቦለድን ቶሎ የለመደው ለዚህ ነው። ሜዳውን ያውቀዋል፤ አዲስ የሆነበት መርማሪው ነው።

እዚሁ ሐረርጌ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። በሚሼል ፓፓታኪስ አዘጋጅነት በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራው «ጉማ» የተባለው ፊልም ስሙን የወሰደው ከኦሮሞ የደም ካሣ ሥርዓት ነው። በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ያለው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ነው፤ ጭሮ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በጉማ ነገር ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚደክሙት የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ከነገ ወዲያ አንድ ውኃ እንዴት ይቀዳሉ፣ አንድ ገበያ እንዴት ይውላሉ በሚለው ላይ ነው። ለሼርሎክ ሆምስ ታሪኩ ባለቀበት ቦታ ለነሱ ገና መጀመሩ ነው።

ይህን ሁሉ ከጎረቤታችን ጋር አወራነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። «ኦሮማይ»ን ያነበብሁት እሳቸው ቤት ነው፤ ለማንም አያውሱም፣ ሳሎናቸው ተቀምጦ ማንበብ ግን ይፈቅዳሉ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ ልቦለድ የፍቅርና የጦርነት ታሪክ ይባላል እንጂ ግማሽ ጎኑ የስለላ መጽሐፍ ነው። አሥመራ ላይ ማን ለማን እንደሚሠራ፣ ከወዳጅ መካከል ጆሮ ጠቢው የቱ እንደሆነ እያጠራጠረ የሚሄድ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች ይባላል፤ ወደኛ አገር የሚያመጣው መንገድ ማለት ነው። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

«ጠፋ» ነው የምንለው። ይህ የአማርኛ ግሥ ለመርማሪ አይመችም። የጠፋውን ሰው ባለቤት ያደርገዋል፣ ያጠፋውን ከዓረፍተ ነገሩ ያስወጣዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የአርጀንቲና የዐፅም መርማሪዎች መጥተው የጅምላ መቃብሮችን ቆፍረው አዩ፤ ኮተቤ ላይ ከተገኙት ዐፅሞች ጋር የታነቁበት ገመድ አብሮ ወጣ። ያ ፈረንጁ ልቦለድ እንደሚወደው ሥራ ነበር፤ በአጥንትና በገመድ የተሠራ። ብዙ ቤተሰብ ለቅሶውን የተቀመጠው ያኔ ነው። የበዓሉ ቤተሰብ ግን ለቅሶ የሚቀመጥበት አንዲት አጥንት እንኳ አላገኘም። የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ግልጽ ነው፤ ሰው ያለ ሾፌር፣ ያለ ዘበኛ፣ ያለ ትእዛዝ ሰጪ አይጠፋም። ወፏ ነበረች፤ ሜዳው ግን አልተጠራም።

ጋሼን «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ውጭ አገር መውጣቱን ነገርኋቸው። ደስ አላቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው፣ «ፈረንጅ አንባቢ ደራሲው የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ ምን ይሉታል?» አሉኝ።

«ጠፋ ይሉታላ» አልሁ።

«በእንግሊዝኛም?»

«በእንግሊዝኛም።»

መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉና በጋዜጣ ለብጠው ወደ ሣጥናቸው መለሱት።