«ወደ ነበረበት ይመለስ» ስንል ወደ የትኛው ቀን?

በፖለቲካችን «ወደ ነበረበት ይመለስ» የሚለውን ያህል የሚደጋገም ሐረግ ጥቂት ነው። ወሰኑ ይመለስ፣ ስሙ ይመለስ፣ ባህሉ ወደ ጥንቱ ይመለስ እንላለን። ይህንኑ ሥራ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ያረጁና በመጥፎ እጅ የተነካኩ ቤዝ ጊታሮችን የሚያድሱ ባለሙያዎች። ከነሱ ሙያ ለእኛ ክርክር የሚሆን ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

ሊዮ ፌንደር በፈረንጆቹ 1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ አቀረበ። በ1960 ጃዝ ቤዝ ተከተለ። በ1965 ኩባንያውን ሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ጊታሮች ዛሬ እንደ ቅርስ ይፈለጋሉ፤ በ1970ዎቹ ግን ያገለገሉ ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። ብዙ ባለቤቶች ቀለሙን ፍቀው እንጨቱን አራቆቱት፣ ሁለተኛ ፒካፕ ለመግጠም ገላውን ፈለፈሉት፣ ፍሬቱን ነቀሉት።

አዳሹ መጀመሪያ የሚለየው የሚመለሰውን ከማይመለሰው ነው። ሽቦ፣ ፒካፕና መቃኛ ይመለሳል። የተፈለፈለ እንጨት አይመለስም፤ ቢደፈንም ጠባሳው ይቀራል። ዕድሜውን ለማወቅ በድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ የተመታውን የፋብሪካ ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ መቆጣጠሪያው የተሠራበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራል። የነቀለውን ዕቃ አይጥልም፤ ከጊታሩ ጋር ያስቀምጠዋል። እንደ አዲስ ቀብቶ «ኦርጅናል ነው» ብሎ መሸጥ ግን በሙያው ማጭበርበር ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የትኛው ለውጥ ጉዳት፣ የትኛው ታሪክ እንደሆነ መወሰን ነው። የጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 ጃዝ ቤዝ ፍሬቱ ተነቅሎ፣ ክፍተቱ ተደፍኖ፣ በኤፖክሲ ተሸፍኗል። በፋብሪካው መስፈርት የተበላሸ ዕቃ ነው። በ1976 ባወጣው አልበም የተሰማው ድምፅ ግን የመጣው ከዚያ «ብልሽት» ነው። አንድ ቅን አዳሽ ፍሬቱን ቢመልስለት ኖሮ ታሪኩን ባጠፋው ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ቤዝ ጊታር ራሱ በሙዚቃችን ላይ የተደረገ ለውጥ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ከ1948 ጀምሮ ይህን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የሰጠውን ትእዛዝ ተጋፍቶ ነበር። በ1970ዎቹ የሆቴል ባንዶች ሲገንኑ መላከ ገብሬ በዋልያስ፣ ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስ ኋላም በሮሃ ባንድ ቤዙን ከቅኝቶቻችን ስር አስገቡት። ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ የጊታር ፍሬት ግን ኦክታቩን በ12 እኩል ርቀት አስቀድሞ ይከፍለዋል። ክራሩም በተራው ፒካፕ ተገጠመለት፤ ቤዝ ክራርም መጣ። «ባህሉ ተበላሸ» የሚል አለ። ያንን ዘመን ግን ወርቃማ የምንለው እኛው ነን።

ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ ባቲ ነው። ባቲ ከተማ የምትገኘው መቀመጫው ከሚሴ በሆነው፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ነው። በሰኞ ገበያዋ አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ ወርደው ሲገበያዩባት ኖረዋል። ስሟን የያዘው ቅኝት ከዚያ ወጥቶ የሁሉም ሆኗል። ይህን ቅኝት «ወደ ባለቤቱ እንመልስ» የሚል ሰው ከየትኛው አፍ ሊነጥቀው ነው?

ነገሩ ስለ ዘፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር። በ2013 ዓ.ም. አጣዬን ያቃጠለው ግጭት የዞኑን ወረዳዎችም አዳርሷል፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ስር ውሏል። ከዚያ ወዲህ በየወገኑ የሚሰማው «ወደ ነበረበት ይመለስ» ነው። አንዱ ዞኑ ከመዋቀሩ በፊት ወዳለው ጊዜ፣ ሌላው ከዚያም ርቆ ወደ ጥንቱ ይቆጥራል። እያንዳንዱ የመረጠው ቀን የሌላውን ኑሮ እንደ ተጨማሪ ፒካፕ ይቆጥረዋል፤ ተነቅሎ የሚወጣ።

የተቃጠለ ቤትና የተዘጋ መንገድ ይመለሳል፤ መመለስም አለበት። የተፈናቀለም ወደ ቀየው የመግባት መብት አለው። አብሮ የመኖር ዘመናት ግን በኋላ የተገጠመ ዕቃ አይደሉም፤ የእንጨቱ አካል ናቸው። ስለዚህ ከማፍረስና ከመቀባት በፊት መዝገብ ይቅደም፦ ማን የት ይኖር ነበር፣ ምን ጠፋ፣ ማን ከማን ጋር ይገበያይ ነበር። የዞኑና የጎረቤት ወረዳ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይህን በጋራ ማስመዝገብ ይቻላል። ያለ መዝገብ የሚደረግ እድሳት ሁሉ የሚያድነው አንዱን ወገን ብቻ ነው።