መጠበቅ፦ ቅዱሳት መጻሕፍትን መታመንና የእግዚአብሔርን ጊዜ መታገሥ በሁለት ተርጓሚዎች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የአማርኛ ግሥ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ግሡ «ጠበቀ» ይባላል። እረኛ መንጋውን ይጠብቃል፤ መንገደኛም ባልንጀራውን ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዘብ መቆም ነው፤ ሁለተኛው የሚመጣውን ተስፋ አድርጎ መቆየት ነው። ቋንቋችን ሁለቱን ተግባራት በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ይህ የቃል አጋጣሚ በክርስትና ታሪክ ውስጥ «የእግዚአብሔርን ጊዜ መጠበቅ» ስለሚባለው ነገር ከብዙ ስብከት የበለጠ ያስተምረናል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩን ለምን እንደ መረጥሁት ልናገር። «የእግዚአብሔር ጊዜ» የሚለው አነጋገር በመካከላችን ሁለት ዓይነት መጥፎ አገልግሎት ሲሰጥ አያለሁ። አንደኛ፣ ለስንፍና ሽፋን ይሆናል፤ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ሳይሠራ ይቀርና ጊዜው አልደረሰም ይባላል። ሁለተኛ፣ ለግፍ ማስተባበያ ይሆናል፤ ነገሩ በስተመጨረሻ ካማረ በመንገድ ላይ የተፈጸመው በደል ሁሉ እንደ በጎ ይቆጠራል። የመጀመሪያው የአማኙን ሕይወት ያበላሻል፤ ሁለተኛው የታሪክ ጸሐፊውን ሚዛን ያዛባል። ሁለቱንም በታሪክ ማስረጃ ፊት ማቆም ይገባናል።

ከቤተ ክርስቲያን ትውፊት ልጀምር። የሉቃስ ወንጌል ስምዖን የተባለ ጻድቅ ሰው የእስራኤልን መጽናናት ይጠባበቅ እንደ ነበር፣ ክርስቶስንም ሳያይ እንዳይሞት በመንፈስ ቅዱስ እንደ ተገለጠለት ይተርካል። ትውፊታችን ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል። ስምዖን በንጉሥ በጥሊሞስ ዘመን ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ከመለሱት ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ ስለ ድንግል መፅነስ ከሚናገረው የኢሳይያስ ቃል ሲደርስ ተጠራጠረ፤ ቃሉ ሲፈጸም እስኪያይ ድረስ እንዲኖር ተደረገ ይላል። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ሰነድ ለመመርመር አልመጣሁም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አባቶቻችን የጠባቂውን ምሳሌ ሲፈልጉ የመረጡት ሰው ተርጓሚ መሆኑን ነው። የሚጠብቀው ሰው መጽሐፉ በእጁ ያለ፣ ለእያንዳንዱ ቃል የተጨነቀ ሰው ነው።

ይህን ምሳሌ ይዘን ወደ 19ኛው መቶ ዘመን እንሻገር። የጎጃሙ ተወላጅ አባ አብርሃም፣ በአውሮፓውያን ጽሑፎች አቡ ሩሚ እየተባሉ የሚጠሩት፣ ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዩ ምክትል ቆንስል ከአስሊን ደ ሼርቪል ጋር ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። ሥራው አሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ተዘግቶ፣ እንግዳ ሳይገባ፣ ቃል ከቃል እየተመዘነ ይሠራ ነበር። ውጤቱ ከ9,000 ገጽ በላይ የሆነ የእጅ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን በ1820 እ.ኤ.አ. ዊልያም ጆዌት ለብሪታንያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዙት። ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። አባ አብርሃም ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ከሥራቸው አንዲት ገጽ እንኳ ታትማ ሳያዩ በካይሮ አርፈዋል።

ከእርሳቸው ይልቅ ረዘም አድርጌ የምመለከተው የኦነሲሞስ ነሲብን ታሪክ ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጠቀ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እዚያም ቬርነር ሙንዚንገር በተባለው ቆንስል ነጻ ወጥቶ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 እ.ኤ.አ. ሲጠመቅ የተሰጠው ስም ኦነሲሞስ በጳውሎስ መልእክት ውስጥ የሚገኘው የባሪያው ስም ነው። ከ1876 እስከ 1881 እ.ኤ.አ. በስዊድን፣ በዮሐንስሉንድ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ተነጠቁበት ሕዝብ ለመመለስ ተነሡ።

መንገዱ ግን ተዘጋ። በ1881 የተጀመረው ጉዞ በሱዳን በኩል ነበር። መንገደኞቹ እስከ ቤኒሻንጉል ጠረፍ ከደረሱ በኋላ ለመመለስ ተገደዱ። ኦነሲሞስ በንዳድ ታመው በ1882 ካርቱም ሲገቡ የማህዲ አመፅ እየተስፋፋ ነበር። በ1886 የተሞከረው ሁለተኛው ጉዞም ከወለጋ አልደረሰም። ከምጽዋ ተነሥተው ነቀምቴ የገቡት በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ እስከ መግቢያው ቀን 23 ዓመታት አልፈዋል።

እንግዲህ በእነዚህ 23 ዓመታት ምን ተሠራ? ኦነሲሞስ ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ተቀምጠው መዝሙሮችንና አጫጭር የሃይማኖት መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ተረጎሙ። ቀጥሎ አዲስ ኪዳንን ያዙ፤ በ1893 ታተመ። በ1899 እ.ኤ.አ. ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ የኅትመቱን ሥራ ለመከታተል ራሳቸው ወደዚያ ተጉዘዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የአስቴር ጋኖ ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። አስቴር በ1886 ወደ ዐረብ ምድር ለሽያጭ ስትወሰድ የተሳፈረችበት ጀልባ በኢጣሊያ የባሕር ኃይል ተይዞ ነጻ የወጣች ልጅ ነበረች። ኦነሲሞስ ልጅ ሳሉ ከአገራቸው በመለየታቸው ያጡትን የቋንቋ ሀብት አስቴር ይዘውት መጡ። የቃላት ስብስብ አዘጋጁ፤ ወደ 500 የሚጠጉ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አባባሎችን ከትዝታቸው ጻፉ። በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ኦነሲሞስ በ1881 ነቀምቴ ገብተው ቢሆን ኖሮ በእጃቸው በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፈ ሙሉ መጽሐፍ አይኖርም ነበር። በ1904 ሲገቡ ግን ቃሉ ከእርሳቸው ጋር ነበር፤ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በክብር ተቀበሏቸው። መጠበቅ በሁለቱም ትርጉሙ ተፈጸመ ማለት ነው። መንገዱ እስኪከፈት ቆዩ፤ በቆዩበትም ጊዜ የተሰጣቸውን ቃል ጠበቁ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ብዘጋው ታሪኩ የሚያምር ስብከት ይሆን ነበር። ነገር ግን የምናስተምረው የታሪክ ትምህርት ነውና ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ግዴታችን ነው።

የመጀመሪያው የምክንያት ጥያቄ ነው። መንገዱ ለምን ተዘጋ? የባሪያ ነጋዴዎች ጥቅም ነበር። በሱዳን የማህዲ ጦርነት ነበር። አፄ ዮሐንስ በውጭ ሚስዮናውያን ላይ የነበራቸው ጽኑ አቋም ነበር። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ያራቆተው ክፉ ቀን ነበር፤ ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ጦርነትም ነበር። የታሪክ ተመራማሪ እነዚህን ሁሉ ዘልሎ «እግዚአብሔር አዘገየው» ብሎ ቢያልፍ ሥራውን አልሠራም። በሌላ በኩል፣ እነዚህን ምክንያቶች ብቻ ዘርዝሮ ሰዎቹ ራሳቸው መዘግየቱን እንዴት እንደ ተረዱት ሳይጠይቅ ቢያልፍ የሚያጠናቸውን ሰዎች አላወቃቸውም። በተዘጋ መንገድ ፊት ተስፋ ያልቆረጠ ሰው ተስፋውን ከየት እንዳገኘ መጠየቅ የታሪክ ጥያቄ ነው። በኦነሲሞስ ዘንድ መልሱ በየዕለቱ ይተረጉሙት በነበረው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ተማሪዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ብዙ ጊዜ «አስቴር እንድትመጣ ነው መንገዱ የዘገየው» ይላሉ። እኔ ግን ከዚህ አባባል እጠነቀቃለሁ። አስቴርን የጫነው ጀልባ ተይዟል፤ ሳይያዝ ቀይ ባሕርን የተሻገረው ግን ስንት ነው? በዚያ ጀልባ ውስጥ የነበሩት ልጆችስ ከአስቴር ያነሰ ዋጋ ነበራቸው? ባርነት ለትርጉም ሥራ ሲባል የተዘጋጀ መንገድ ነበር ማለት በደሉን መቀደስ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ዮሴፍ ለወንድሞቹ በሰጠው መልስ ውስጥ ይህን ልዩነት ይጠብቃል፤ እግዚአብሔር ነገሩን ለመልካም መለሰው ሲል የወንድሞቹን ክፋት ክፋት ብሎ ከመጥራት አልተቆጠበም። ከክፉ ነገር በጎ ወጣ ማለት አንድ ነው፤ ክፉው በጎ ነበር ማለት ሌላ ነው።

ከዚህ የተነሣ እምነትን ከፍጻሜው ሳይሆን ከመካከሉ እንድንመዝነው አሳስባለሁ። እኛ ታሪክን የምናነበው ወደ ኋላ ነው፤ 1899ን እና 1904ን እናውቃለን። ኦነሲሞስ በ1882 ካርቱም ሲተኙ አንዱንም አያውቁም ነበር። መንገድ የላቸውም፤ መጽሐፍም የላቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ሕመምና ከሽፎ የቀረ ጉዞ ብቻ ነው። ትዕግሥታቸው የሚለካው ከዚያ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው በመመለሳቸው ነው። ነቀምቴ ባይገቡ ኖሮ ትዕግሥታቸው ከንቱ ነበር የምንል ከሆነ አባ አብርሃምን ምን ልንላቸው ነው? የዕብራውያን መልእክት የተስፋውን ቃል ሳያገኙ፣ ከሩቅ አይተው ብቻ በእምነት ስለ ሞቱት ሰዎች ይናገራል። አባ አብርሃም ከእነርሱ ወገን ናቸው፤ መታመናቸው ግን ከኦነሲሞስ አያንስም።

የኦነሲሞስም መጠበቅ በ1904 አላበቃም። በ1906 ተከስሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ተፈረደባቸውም። አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱላቸውም እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት በ1916፣ በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በእነዚያ ዓመታትም እንደ እምኩሉው ዘመን የሚቻላቸውን ሠሩ። በ1931 እ.ኤ.አ. በነቀምቴ ዐረፉ።

በመደምደሚያዬ ወደ ጀመርሁበት ግሥ እመለሳለሁ። ቅዱሳት መጻሕፍትን መታመንና የእግዚአብሔርን ጊዜ መታገሥ ሁለት የተለያዩ ምግባራት እንዳልሆኑ ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ ተምረናል። ቃሉን የማይጠብቅ ጊዜውን ሲጠብቅ ሥራ ፈት ይሆናል። ጊዜውን የማይታገሥም ቃሉን ለችኮላው ያጎነብሰዋል። አማኝ የሆናችሁም ያልሆናችሁም ተማሪዎቻችን፣ የተዘጋ መንገድ ሲገጥማችሁ «እስከ መቼ እጠብቃለሁ?» ማለታችሁ አይቀርም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእርሱ ጋር ግን ሌላ ጥያቄ አብራችሁ ጠይቁ፦ እየጠበቃችሁ ሳላችሁ የምትጠብቁት ምንድን ነው?