እንዶድና የሊቁ ሽልማት

የሀገራችን ሰዎች የፋብሪካ ሳሙና ሳያውቁ በፊት ነጠላውንና ጋቢውን፣ ቀሚሱንና እጀ ጠባቡን ያነጡት የነበረው በእንዶድ ነው። እንዶድ በአጥር ላይና በወንዝ ጥግ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ ፍሬውን በዘለላ በዘለላ አድርጎ የሚያንጠለጥል ቍጥቋጦ ነው። ፍሬው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ በውሃ በታሸ ጊዜም ነጭ አረፋ ያወጣል። ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚለበሰው ሸማ፣ የካህኑም ጥምጥም፣ የመዘምራኑም ልብስ በዚህ አረፋ ሲነጣ ኖሯል። ነገር ግን አረፋውን ይዞ የሚወርደው ውሃ በስተ ታች ምን ሥራ እንደሚሠራ ተመልክቶ የጠየቀ ሰው እስኪገኝ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። ጠያቂው በተገኘ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከዐድዋ ወንዝ ዳር ተነሥቶ እስከ ስዊድን ዋና ከተማ እስከ ስቶክሆልም ደረሰ።

ጠያቂው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በጅግጅጋ ተወለዱ (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት በ1964 ዓ.ም. የሳይንስ ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ያ ትምህርት ቤት በ1916 የተቋቋመ፣ የብዙ ሀገሮችን የጤና ሹማምንት ያስተማረ፣ ስሙ በዓለም የገነነ ነው። ወጣቱ ሊቅም ማዕርጉን እንደ ተቀበሉ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው የሕዝባቸውን ደዌ ለመመርመር ተነሡ።

ለምርመራ የመረጡት ደዌ ቢልሃርዚያ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ትሉን በ1851 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። የደዌው አካሄድ ለሰሚው የሚያስደንቅ ነው። በሽተኛው በውሃ አጠገብ ሲጸዳዳ የትሉ እንቍላል ወደ ውሃው ይገባል፤ ከእንቍላሉ የሚፈለፈለው ረቂቅ ፍጥረት አንድ የተወሰነ ዐይነት ቀንድ አውጣ ፈጥኖ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ እየተባዛ ብዙ ሺህ ሆኖ ተመልሶ ወደ ውሃ ይወጣል። ከዚያም ለዋና የገባውን ሕፃን፣ ውሃ ለመቅዳት የቆመችውን ሴት፣ መስኖ የሚመራውን ገበሬ ቆዳቸውን እየበሳ ይገባል፤ በደም ሥራቸውም ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ያደረበት ሰው ወዲያው ታሞ አይወድቅም። ሆዱ እየተነፋ፣ ጕበቱ እየደነደነ፣ ጕልበቱ እያለቀ ይሄዳል እንጂ። ጐረቤቶቹም ብዙ ጊዜ ሰነፍ ነው ይሉታል፤ በሽተኛ መሆኑን የሚያውቅለት የለም። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በዚህ ደዌ የተያዘው ሰው 200 ሚሊዮን ያህል ይሆናል ተብሎ ይገመት ነበር።

እንግዲህ ይህ ትል ያለ ቀንድ አውጣ መባዛት የማይችል ስለ ሆነ፣ ደዌውን ለመከላከል ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት በአውሮፓ ፋብሪካዎች ይሠራ ነበረ። ዋጋው ግን በየወንዙና በየቦዩ በየዓመቱ ለመጨመር ለሚፈልግ ድሃ ሀገር የማይቀመስ ነበረ።

በዚያው በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣ የሚገኝበትን ውሃ እየመረመሩ ወደ ዐድዋ ሄዱ። በዐድዋ ስም ሁሉ ሰው የ1896ቱን ጦርነት ያስባል፤ እርሳቸው ግን ያዩት ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ነው። ሴቶቹ በወንዙ ዳር ተቀምጠው በእንዶድ ያጥባሉ፤ አረፋውም ከውሃው ጋር ቍልቍል ይወርዳል። መርማሪው ከሚታጠብበት ቦታ በላይ ያለውን ውሃ ቢያዩ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ከሚታጠብበት በታች ያለውን ቢያዩ የሞቱት ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው ተገኙ። ይህን ነገር ከእርሳቸው በፊት ብዙ መንገደኛ ሳያየው አልቀረም። ማየትና መጠየቅ ግን ልዩ ልዩ ናቸው። ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ለምነው፣ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርላቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹም ተኰማተሩ፣ ደም ፈሰሳቸው፣ ብዙም ሳይቈዩ ሞቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ መነሻው ያች ዕቃ ናት። መርማሪው እንዶዱን ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው መጠኑን እየለኩ ፈተኑት፤ የመጀመሪያውን ማስታወቂያቸውንም በ1965 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከውጭ ሀገር መጽሔት አስቀድመው በሀገራቸው መጽሔት ማሳተማቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በ1966 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ምርምር ተቋም እንዲመሠረት አደረጉ። በዚያም ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የተክል ሊቅ ከልዩ ልዩ አውራጃዎች የእንዶድ ዐይነት እየሰበሰቡ እየተከሉ፣ ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ኀይሉ የበረታውን በመምረጥ ከፍ ያለ ድካም ደከሙ። ከመረጧቸው አንዱ 44 ቍጥር የተባለው ዐይነት ነው። የፍሬው ኀይል ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚበልጥ መሆኑም ታወቀ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ከፍሬው ተለይቶ ወጣ፤ ስሙም ለአግኚው መታሰቢያ እንዲሆን «ለማቶክሲን» ተባለ። የአባታቸው የአቶ ለማ ስም በዚህ ምክንያት በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ገባ።

በቤተ ሙከራ የተገኘው ነገር በሕዝብ ላይ ተፈትኖ ካልታየ ዋጋው አይታወቅም። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ በዐድዋ ከተማ ውሃዎች ላይ እንዶድ እየተጨመረ የሕዝቡ ጤና ይመረመር ነበር። ሥራው ሲጀመር ከመቶው ሰው 63ቱ ደዌው ነበረበት፤ ሲፈጸም ወደ 34 ወረደ። ይልቁንም የሚያስደስተው የታናናሾቹ ሕፃናት ነገር ነው። እነርሱ ከጥንት የቈየ ደዌ በሰውነታቸው ስለሌለ የውሃውን መንጻት ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክሩ ናቸው። ከመቶው 50 የነበረው የታመሙት ቍጥር ወደ 7 ወርዶ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ውጤት ከታየ በኋላ እንዶድ ወዲያው በየሀገሩ ይሠራበታል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት የዶክተር አክሊሉን ጽሑፍ በ1970 ዓ.ም. በገዛ መጽሔቱ ላይ አትሞት ሳለ፣ እንዶድ በሰፊው እንዲሠራበት ግን ለብዙ ዓመታት አልደገፈም። በሰውና በእንስሳ ላይ ጕዳት እንደማያደርስ በባለጠጎች ሀገሮች ደንብ መሠረት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች ተመርምሮ ይረጋገጥ የሚል ነበረ። በእውነቱ ከሆነ ሰው በሚጠጣው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር ሳይመረመር ይፈቀድ የሚል አስተዋይ የለም፤ እንዶድም ዓሣ እንደሚገድል፣ ዐይንንም እንደሚለበልብ የታወቀ ነው። ነገር ግን እናቶቻችን ለዘመናት በእጃቸው ሲያሹት የኖሩትን ፍሬ በዚያ ደንብ ለማስመርመር የሚጠየቀው ገንዘብ ከአንድ ድሃ ሀገር ዩኒቨርሲቲ አቅም በላይ ነበረ። ፋብሪካዎቹም ማንም ገበሬ በአጥሩ ላይ ሊተክለው ከሚችለው ነገር ትርፍ እንደማይገኝ ያውቃሉና ወጪውን የሚችል ጠፋ። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ደጋግመው እንደ ተናገሩት፣ የችግሩ ሥር የአፍሪካ ሊቅ በአፍሪካ ምድር ያገኘውን ነገር ለማመን አለመፈለግ ነበር። ይህ ክስ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ከ20 ዓመት በላይ የቈየውን ነገር ለሚመለከት ሰው ከእውነት የራቀ ሆኖ አይታይም።

በመጨረሻ በካናዳ መንግሥት የምርምር ድርጅት ርዳታ የተፈለገው ምርመራ ተደረገ፤ እንዶድ በአግባቡ ከተሠራበት ለሰውና ለከብት ብዙ የሚያሰጋ አለመሆኑም ተረጋገጠ። በዚህ መካከል ዶክተር አክሊሉ ከኢትዮጵያ ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ላይ ነበሩ፤ በኢጣልያ ሀገር በፍሎረንስ ከተማ በነበረው የሕፃናት መርጃ ድርጅት የምርምር ማዕከልም በምክትል ዲሬክተርነት አገለገሉ።

ክብሩ የመጣው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 9 ዓመት በፊት ያኮብ ፎን ኡክስኩል የተባለ ሰው የኖቤልን ድርጅት ለድሆች የሚበጅ ሥራ ለሚሠሩ አዲስ ሽልማት እንዲያቆም ጠይቆ እንቢ ቢለው፣ የሰበሰባቸውን የፖስታ ቴምብሮች ሸጦ የራሱን ሽልማት አቋቁሞ ነበር። ሰዎች «ሁለተኛው ኖቤል» ይሉታል፤ የሚሰጠውም የኖቤል ሽልማት በሚሰጥበት ሰሞን በስቶክሆልም ነው። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ለድሃ የማይከብድ የቢልሃርዚያ መከላከያ ስላገኙና ስለ እርሱም ሳይታክቱ ስለ ተከራከሩ ይህን ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሌላም ኢትዮጵያዊ ከተሸላሚዎቹ መካከል ቆመ። እርሳቸውም በአሜሪካ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ በ1972 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበሉት፣ በአዲስ አበባ የዕፀዋት ዘር ማከማቻ ማዕከል ዲሬክተር የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. በነበረው ጽኑ ረኃብ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያኖረውን እህል ለመብላት ሲገደድ፣ የአባቶች የጤፍ፣ የስንዴና የማሽላ ዘር ፈጽሞ እንዳይጠፋ የደከሙ ሰው ነበሩ። ሀገራቸው በጦርነት በምትታመስበት ዓመት ኢትዮጵያውያን በአንድ ጊዜ ስለ ፍሬና ስለ ዘር እንዲህ መሸለማቸው በዚያ ወቅት ብዙ ያልተወራለት ነገር ነው።

ከክብሩም ጋር አንድ ክርክር ተከተለ። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አክሊሉን በክብር ዶክተርነት ሊያከብራቸው ጠርቷቸው ነበር። ያች ከተማ በኢሪ ሐይቅ ዳር ናት፤ በሐይቁም በዚያን ሰሞን ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ፣ ሜዳ አህያ የሚመስል መሥመር ያለው ታናሽ የዛጐል ፍጥረት እየተራባ የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀምሯል። ዶክተሩ ከዩኒቨርሲቲው መርማሪዎች ጋር ሆነው እንዶድን ቢፈትኑበት፣ እንደ ቀንድ አውጣው ሁሉ እርሱንም ገደለው። በዚህ ላይ የተሰጠው የፓተንት መብት የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያን ጊዜ በብዙ ሀገር ያሉ ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ ይህ ነበር፦ በዐድዋ ወንዝ ዳር ያሉ ሴቶች ከእናቶቻቸው የወረሱት ዕውቀት የማን ገንዘብ ነው? ዩኒቨርሲቲው አዲስ ሥራ ላይ ማዋሉ እውነት ነው፤ የሥራው መነሻ ግን ከዚያ አልተገኘም።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ። የመሠረቱት የምርምር ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። እንዶድ ራሱ የታሰበለትን ያህል አልተስፋፋም፤ ትሉን በሰው ሰውነት ውስጥ የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ዋጋው እየረከሰ መጥቶ የብዙ ሀገሮች መንግሥታት በእርሱ ላይ ተማምነዋል። ይህም ቢሆን ኪኒኑን የዋጠው ልጅ ነገ ተመልሶ ወደዚያው ውሃ መግባቱን አላስቀረም።

የቶሌዶው ጥያቄ ግን ሌላ ተከራካሪ አገኘ። እርሳቸውም በ1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቀው፣ በ1969 ዓ.ም. በዌልስ ዩኒቨርሲቲ በዕፀዋት ጥናት ዶክተር የሆኑት፣ በ2000 ዓ.ም. ያንኑ የስቶክሆልም ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በየዓለሙ ጉባኤ ላይ የአፍሪካ መልእክተኞች አፈ ጉባኤ ሆነው፣ የአንድ አካባቢ ሕዝብ የሚያውቀውን ዕፅና ዕውቀት ማንም ያለ ፈቃዱ እንዳይወስድበት ተሟገቱ፤ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚሁ ነገር የአብነት ሕግ እንዲዘጋጅም ከደከሙት ዋነኛው ነበሩ። በኢትዮጵያም ይህንኑ የሚደነግግ ዐዋጅ ቍጥር 482 በ2006 ዓ.ም. ወጣ። ዶክተር አክሊሉ ካረፉ 9 ዓመት ሆኗቸው ነበር።