የሰውነት ማሠሪያ እንዴት እንደ ታወቀ

የሰው ገላ እጅግ ብዙ ከሆኑ ረቂቃን ሕዋሳት የተሠራ መሆኑን ዛሬ በትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። (ሕዋስ የሚለው ቃል በቀድሞው አነጋገር ማየትና መስማትን የመሰሉት የአምስቱ ስሜቶች ስም ሲሆን፣ የሳይንስ መምህራን ለዚህ ለረቂቁ የአካል ክፍል አውሰውታል።) ዳሩ ግን እነዚህ ሕዋሳት እንደ አሸዋ ሳይበተኑ ቆዳው ቆዳ፣ ጉበቱም ጉበት ሆኖ እንዲቆም የሚያያይዛቸው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። የዚህ ነገር ምልክት ሊቃውንት ከመረመሩት አስቀድሞ በመርከበኞች ገላ ላይ ታይቶ ነበር፤ የታየውም ማሠሪያው በተፈታ ጊዜ ነው።

በ1740 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጆርጅ አንሰን የተባለው የእንግሊዝ የባሕር ኀይል መኰንን ወደ 1,900 የሚጠጉ ሰዎች በመርከቦች አሳፍሮ፣ እስፓኝን ለመውጋት ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ተነሣ። በ1744 ዓለምን ዞሮ አገሩ ሲገባ አብረውት ከተነሡት አብዛኛዎቹ ሞተው ነበር። ጠላት የገደላቸው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩትን የፈጃቸው በሽታ፣ ይልቁንም ስከርቪ የሚባለው ደዌ ነው። ይህ ደዌ የያዘው ሰው ድዱ ያብጣል፤ ይደማል፤ ጥርሱ ይነቃነቃል፤ ጉልበቱም ይከዳዋል። በ1748 የታተመው የጉዞው ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ይተርካል። ሴንቱሪዮን በተባለችው መርከብ ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ከ50 ዓመት በፊት በአየርላንድ በቦይን ጦርነት ቈስሎ ድኖ ነበር። ስከርቪ በያዘው ጊዜ ያ የተረሳ ቍስል ከቶ እንዳልዳነ ሆኖ እንደ ገና ተከፈተ። ከብዙ ጊዜ በፊት ተሰብሮ የተጠገነ ዐጥንትም ከተጋጠመበት ስፍራ ተለያይቶ ተገኘ። ጸሐፊው ነገሩን በአድናቆት መዘገበ፤ ምክንያቱን ሊያውቅበት የሚችል መሣሪያ ግን በዚያ ዘመን አልነበረም።

መድኀኒቱ ከምክንያቱ ቀድሞ ተገኘ። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ሐኪም ሳልዝበሪ በምትባል የጦር መርከብ ላይ 12 በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ፣ ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውሃ፣ ለሌሎቹም ልዩ ልዩ መድኀኒት ሲሰጥ፣ ለአንዱ ጥንድ በየቀኑ ሁለት ሁለት ብርቱካንና አንድ አንድ ሎሚ ሰጠ። ፍሬው በስድስተኛው ቀን አለቀ። ነገር ግን ከሁለቱ አንደኛው ለሥራ በቃ፤ ሁለተኛውም በርትቶ የቀሩትን ሕሙማን አስታማሚ ሆነ። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲታደል ያዘዘው ግን በ1795፣ ይኸውም ከ48 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህ መዘግየት ሹማምንቱ ብቻቸውን ሊወቀሱ አይገባም። ሊንድ ራሱ ጭማቂው እንዳይበላሽ በእሳት እየወፈረ እንዲቀመጥ መክሮ ነበርና፤ እሳቱም የመድኀኒቱን ኀይል ያጠፋዋል።

ሎሚ እንደሚያድን ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን፣ የሽማግሌው ጠባሳ ስለ ምን እንደ ተከፈተ ማወቅ ሌላ ነው። በ1926 ዎልባክና ሃው የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ስከርቪ እስኪይዛቸው ድረስ ትኵስ ፍሬና ቅጠል የተከለከሉ ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትናንሽ እንስሳትን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ሕዋሳቱ አልሞቱም፤ በቍስሉም ውስጥ ይባዙ ነበር። የታጣው በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ማያያዣ ነው። ግንበኞቹ በየቦታቸው ቆመዋል፤ ጭቃው ግን የለም። እንስሳቱ የብርቱካን ጭማቂ በተሰጣቸው ጊዜ ማያያዣው ይታይ ጀመር።

ይህ ማያያዣ በዋናው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። ስሙ ሙጫ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ቆዳና ዐጥንት ሲቀቀል የሚገኘው የአናጢ ሙጫም ከእርሱ የተሠራ ነው። ኮላጅን እንደ ገመድ በአንድነት የተጠመዘዙ ሦስት ክሮች አሉት፤ ቫይታሚን ሲ ከሌለ ግን ክሮቹ በሚገባ አይሰናዱም፤ ገመዱም በሰውነት ሙቀት ይላላል። (ሃንጋሪያዊው ሴንት ጆርጂ ይህን ቫይታሚን በብዛት ያገኘው ከአገሩ በርበሬ መሆኑን የበርበሬ ወዳጆች ቢያውቁት ደስ ይላቸዋል።) እንግዲህ ጠባሳ አንድ ጊዜ ተገንብቶ የሚተው ግድግዳ አይደለም። ሰውነት አሮጌውን ገመድ ዘወትር ይፈታል፤ በምትኩም አዲስ ይገምዳል። በስከርቪ ጊዜ መፍታቱ ሲቀጥል መግመዱ ይቆማል፤ የ50 ዓመቱም ቍስል የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

ጆን ክራንደን የተባለ የቦስተን ወጣት ቀዳጅ ሐኪም ይህን በራሱ ገላ ለመፈተን በ1939 ቫይታሚን ሲ የሌለበትን ምግብ ብቻ ይበላ ጀመር። በሦስተኛው ወር ጀርባው ላይ የተቀደደው ቍስል ዳነ። በስድስተኛው ወር የተቀደደው ግን ላይ ላዩን ቢገጥምም ከሥሩ አልያዘም፤ ቫይታሚኑን በመርፌ ከወሰደ በኋላ ዳነ።

እስከዚህ የተነገረው በሕዋሳት መካከል ስላለው ጭቃ ነው። ሕዋስ ከሕዋስ ጋር ያለ ጭቃ እጅ ለእጅ የሚያያዝበትም መንገድ አለ። በ1907 አሜሪካዊው ዊልሰን ስፖንጅ የተባለውን የባሕር እንስሳ በቀጭን የሐር ጨርቅ ጨምቆ ሕዋሳቱን በውሃ ውስጥ በተናቸው። ሕዋሳቱም እየተሳቡ ተሰበሰቡና ዳግመኛ ሕያው ስፖንጅ ሆኑ። እርስ በርሳቸው በምን እንደሚያያዙ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በጀርባ ዐጥንት ባላቸው እንስሳት ዘንድ የዚህን መልስ ትልቅ ክፍል ያገኘው የኪዮቶው ታኬይቺ ሲሆን፣ በ1984 ካድሄሪን ብሎ የሰየመው ፕሮቲን ከሕዋስ ላይ ወጥቶ የጎረቤቱን መሰሉን ይይዛል፤ ካልሲየም ካጣ ይለቅቃል። በ1986 ኢንተግሪን የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ሕዋሱን ከውጭ ካለው ማያያዣ ጋር ያገናኛል።

በኒው ዚላንድ የሚኖር አንድ ትልቅ የማኦሪ ቤተ ዘመድ በጨጓራ ነቀርሳ ምክንያት ወገኖቹን ገና በወጣትነታቸው ሲቀብር ኖሯል። በ1998 ተመራማሪዎች ከቤተ ዘመዱ ጋር ተባብረው ባደረጉት ጥናት፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ጉድለት ካድሄሪንን በሚያሠራው ጂን ላይ መሆኑን አገኙ። ዛሬ እንዲህ ካለ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ደሙን ያስመረምራል። ጉድለቱ የተገኘበት እንደ ሆነ፣ አንዳች ሕመም ሳይሰማው ጨጓራውን በሙሉ እንዲያስወጣ ሐኪሞች ይመክሩታል፤ ይህን ያልፈቀደም በየጊዜው ይመረመራል። ጨጓራው የወጣለት ሰው ምግቡን ጥቂት ጥቂት እያደረገ ደጋግሞ ይበላል።