መልኩ ነው የተለወጠው ወይስ ምንነቱ?



አሞሌ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከዓይን ይሰወራል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ግን ያው ጨው ከድስቱ ሥር ይገኛል። ወተት እርጎ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከስኳሩ ከፊሉ ወደ አሲድ ተለውጧልና ተመልሶ ወተት አይሆንም። የመጀመሪያው አካላዊ ለውጥ ይባላል፤ የተለወጠው ይዞታው ብቻ ነው። ሁለተኛው ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ አዲስ ነገር ተገኝቷል።

ይህን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ብንማረውም ጥያቄው የቆየ ነው። በእስልምና ታሪክ ውስጥ ፉቀሃዎችም የኬሚያ ሊቃውንትም በየፊናቸው አንስተውታል።

ፉቀሃዎች የጠየቁት፣ «ኸምር በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ቢሆንስ?» ብለው ነው። ሐላል በመሆኑ ተስማሙ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኮምጣጤን መልካም ማባያ ብለው ማወደሳቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ዛሬ እንደምናውቀው ባክቴሪያዎች በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን አማካይነት አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። ኸምር ላይ ውሃ ቢጨመርበት ግን ቀጠነ እንጂ አልተለወጠም። ሰው ጨው ወይም ሽንኩርት ጨምሮ ቢያኮመጥጠውስ? ሻፊዒዮች አይጠራም ሲሉ ሐነፊዮች ይጠራል አሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋና ተማሪያቸው ሙሐመድ፣ ጨው ማውጫ ውስጥ ወድቆ ፈጽሞ ጨው የሆነ አህያ እንኳ ንጹሕ ነው ብለዋል፤ አቡ ዩሱፍ ግን ተለይተዋቸዋል። ይህን የምንነት መለወጥ ኢስቲሓላ ይሉታል።

በኬሚያ ሊቃውንት ዘንድ ክርክሩ በወርቅ ላይ ነበር። ማንጠርን፣ ማሟሟትንና ማቃጠልን በዝርዝር የጻፈው አቡበክር አር-ራዚ (በ925 እ.ኤ.አ. የሞተ) ተራ ማዕድን ወደ ወርቅ መለወጥ ይቻላል ይል ነበር። ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) ግን «አሽ-ሺፋእ» በተሰኘው ሥራው ተቃወመ። ባለሙያ ቀዩን ማዕድን ነጭ ቀለም አልብሶ ብር ሊያስመስለው፣ ብልሁንም ሊያሞኝ ይችላል፤ ምንነቱ ግን አይለወጥም አለ። ይህ ክፍል በ1200 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ ላቲን ተተርጉሞ፣ አውሮፓውያን ለረጅም ዘመን የአርስቶትል ሥራ አድርገው አነበቡት። የፈረንሳዩ ላቮይዚየ በ1770ዎቹ እየመዘነ መቃጠል ከኦክስጅን ጋር መዋሐድ መሆኑን አስረዳ። ዛሬም ኬሚካዊ ለውጥ የአቶሞችን ትስስር ይቀይራል እንጂ መዳብን ወርቅ አያደርግም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከአሳማ ቆዳና አጥንት በሚሠራው ጄላቲን ላይ የዘመናችን ዑለማዎች የሚለያዩት እዚሁ ነጥብ ላይ ነው። አንዳንዶቹ ኢስቲሓላ ተፈጽሟል ይላሉ፤ ሌሎቹ ያው ነገር ተፈታትቶ ነው እንጂ ሌላ አልሆነም ይላሉ። ስለዚህ ፊቅህ የሚያጠኑ ልጆቻችን ኬሚስትሪን አይናቁ፣ ኬሚስትሪ የሚማሩትም የፊቅህን ጥያቄ ይወቁ። ሻጭም «ተለውጧል» ሲለን፣ መልኩ ነው ወይስ ምንነቱ ብለን እንጠይቅ።