መንግሥቱ ወርቁ፤ ከአጥቂነት እስከ አሠልጣኝነት

በመቱም ሆነ በጎሬ ሻይ ቤቶች ስለ ቀድሞው ኳስ ሲወራ የመንግሥቱ ወርቁ ስም ሳይነሳ ሲቀር አልሰማሁም። የሚወራው ግን ስለ ተጫዋችነቱ ብቻ ነው።

ይህ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የ3ኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ስትረታ የመጨረሻዋን ጎል በጭማሪ ሰዓት አስቆጥሯል። በዚያ ውድድር 3 ጎል አግብቶ ከግብፃዊው ባደዊ ጋር ኮከብ ጎል አግቢነቱን ተጋርቷል። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎሎች አሉት።

መጫወቱን ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ተሳተፈ። ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። ውጤቱን ብቻ ለሚያይ ውድቀት ነው። ከአልጄሪያ ጋር ግን ያለ ጎል እኩል ወጥቷል። አልጄሪያ ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ናት።

ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ነው። መንግሥቱ ይህን ሳያይ በ2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። እንደኔ እንደኔ፣ የአሠልጣኝነቱ ትልቅነት የታወቀው በእነዚያ 31 ዓመታት ነው። እዚያ መድረስ ቀላል አለመሆኑን የተረዳነው ቀርተን ነውና።