የመርፌው ባለቤትነት
ከቆዳ ሥር መድኃኒት የሚሰጥበት መርፌ አንድ ፈጣሪ ብቻ የለውም። አየርላንዳዊው ሐኪም ፍራንሲስ ሪንድ እ.ኤ.አ. በ1844 በደብሊን ከተማ ፊቷን ብርቱ ሕመም ላሠቃያት ሴት የሞርፊን ውህድ በቀጭን ቱቦ ከቆዳዋ ሥር ሰጣት፤ ፈሳሹ የወረደው በራሱ ክብደት እንጂ በግፊት አልነበረም። በ1853 የሊዮኑ ሻርል ፕራቫ መጠኑ በብሎን የሚስተካከል የብር መርፌ አሠራ፤ ዓላማው ግን ሕመም ማስታገስ ሳይሆን ባበጠ የደም ሥር ውስጥ ደምን ማርጋት ነበር። በዚያው ዓመት ገደማ የኤድንብራው አሌክሳንደር ዉድ ሞርፊን በሲሪንጅ መውጋት ጀመረ፤ ጽሑፉንም በ1855 አሳተመ።

ዉድ መድኃኒቱ በዋናነት የሚሠራው በተወጋበት ቦታ ላይ ነው ብሎ ያምን ነበር። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ሀንተር ግን ከሕመሙ ርቆ ቢወጋም እኩል እንደሚያስታግስ አስተዋለ፤ መድኃኒቱ በደም አማካይነት መላ ሰውነትን ያዳርሳልና። ሁለቱ ስለዚህ ጉዳይ በሕክምና መጽሔት ላይ አምርረው ተከራከሩ። ለዉድ የሚሰጠው ክብር ተገቢ ነው፤ ሆኖም የዛሬው የመርፌ ሕክምና የቆመው ሀንተር በተረዳው እውነት ላይ ስለሆነ ስሙ መዘንጋቱ ፍትሐዊ አይደለም። ሪንድ ደግሞ በ1844 የተጠቀመበትን መሣሪያ በዝርዝር የገለጸው ዘግይቶ፣ በ1861 ነበር።